ስለ አንገት ሥር ድምፅ

ባለፈው ዓመት በጾመ ነቢያት፥ የደቀ መዛሙርትን ቅኔ ሳርም ሳለሁ፥ መቋሚያው ከቀኝ እጄ ወደቀ፤ ልናገር ብልም አንደበቴ ተያዘ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን እጄም ቃሌም ተመለሱልኝ። እኔም «ጾምና ብርድ ነው» ብዬ ስምንት ቀን ዝም አልሁ። በኋላ ግን ከደቀ መዛሙርቴ አንዱ አጥብቆ ስለ ለመነኝ ወደ ሐኪም ቤት ሄድሁ።

ሐኪሟም ነገሬን ሰምታ «አባቴ፥ ይህ የሚመጣው በሽታ መልእክተኛ እንጂ ያለፈ በሽታ አይደለም» አለችኝ። ደምን ወደ አንጎል የሚያደርሰው የግራው የአንገት ሥር ሲታመም ብዙ ጊዜ የሚታወኩት የቀኝ እጅና አንደበት ናቸውና። ከዚያም አንገቴን ቅባት ቀብታ አልትራሳውንድ የሚባለውን መሣሪያ አሳረፈችበት። መሣሪያው የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ይልካል፤ ድምፁም የሚሮጠውን ደም መትቶ ሲመለስ ንዝረቱ ይለወጣል፤ ከለውጡም የደሙ ፍጥነት ይሰላል። ይህን ሕግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1842 ዓ.ም. በፕራግ ከተማ የገለጸው ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ሲሆን፥ የጻፈውም ስለ ጥንድ ከዋክብት ብርሃን ነበር። የከዋክብት ነገር ለሰው አንገት ይተርፋል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

መሣሪያው ሊሰማን በሚችል ድምፅ የደሙን ሩጫ ያሰማን ነበርና፥ በግራው ሥር ላይ ሲደርስ ድምፁ በረታ። እኔም ደስ ብሎኝ «ልጄ፥ ብርቱ ነው፤ ጤና ነው» አልኋት። እርስዋ ግን ራስዋን ነቀነቀች። ወንዝ በሜዳ ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ ገደል ሲያጠብበው ግን እየጮኸ ይሮጣል፤ ደምም እንዲሁ ነው። በዚህ ሥር የደም ፍጥነት በሰከንድ ከ125 ሴንቲ ሜትር በታች ቢሆን ብዙ ጥበት የለም ይባላል፤ ከ230 ቢያልፍ ግን ሥሩ ከመቶ 70 እጅ ወይም ከዚያ በላይ እንደ ጠበበ ይገመታል። የእኔ 260 ሆኖ ተገኘ። ደግሞም ሥሩ ፈጽሞ ሊዘጋ ሲቃረብ ፍጥነቱ መልሶ ሊደክም ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪም ቍጥሩን ብቻ ሳያምን ሥዕሉንም አብሮ ይመረምራል።

እነሆ፥ ሠላሳ ዓመት ሰምና ወርቅ ለይቼ ያስተማርሁ ሰው በገዛ ሥጋዬ ሰሙን ወርቅ ብዬ ተቀበልሁ። የድምፁ ብርታት ሰም ነበር፤ ጥበቱ ወርቅ ነበር። የእጄም ቶሎ መዳን ሰም ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ወርቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥር ከፍቶ መጥረግ እጅግ የሚጠቅመው ምልክቱ ከታየ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው፤ እኔ ግን ስምንቱን ቀን በዝምታ አጥፍቼ ነበር። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሐኪሞች ሥሩን ጠረጉልኝ፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ዛሬም ቅኔ አርማለሁ።

ስለዚህ፥ አባቶቼና ወንድሞቼ ሆይ፥ እጃችሁ ለጥቂት ጊዜ ዝሎ ወይም አንደበታችሁ ታስሮ ቢመለስላችሁ፥ አመስግኑ፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ።