አራት ክፍል፣ አንድ የሒሳብ መምህር

መስከረም 13፣ 2017 ዓ.ም.፤ ከአየር ጤና ወልቂጤ

ለመስቀል አገሩ የማይገባ ጉራጌ የለም ይባላል። ዛሬ ማለዳ አየር ጤና ላይ ሁሉም በእኔ ሚኒባስ ሊገባ የተስማማ መሰለኝ። ረዳቱ ታሪፉን እጥፍ አድርጎ ሲጠራ ተንጫጫን፤ ተራ በተራ ተቆጣን፤ ከዚያ ከፈልን። ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ የዘይት ጀሪካን፣ አንድ በግ ተጭኗል። እግሬ ሥር ባለችው ቦርሳ ውስጥ ሃያ ካልኩሌተር፣ የማኅበራችን ቃለ ጉባኤና አንድ የግንበኛ ሜትር አለ። ሜትሩን የሰጠችኝ ገንዘብ ያዣችን ናት። «ክፍሎቹን ለካልን፤ ፕላኑ ሰባት በስምንት ነው የሚለው» ብላኛለች። ነርስ ናት፤ ሳትለካ አትሰጥም።

የላከኝ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምንኖር ስልሳ ያህል የአንድ ቀበሌ ተወላጆች ያቋቋምነው ማኅበር ነው። በተማርንበት ትምህርት ቤት ያሠራነውን አራት ክፍል አይቼ፣ ፎቶ አንሥቼ፣ «ቀጥሎስ ምን እንሥራ?» ለሚለው መልስ ይዤ እንድመለስ። ቸሃ ወረዳ ውስጥ መሆኑን ካወቃችሁ ይበቃል፤ የሚቀጥለው ሁሉ የሚያስመሰግን ስላልሆነ የቀበሌውንም የትምህርት ቤቱንም ስም አልጽፍም።

ነገሩ የተጀመረው በ2010 ክረምት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ በቀን አንድ ዶላር ለአገሩ እንዲያዋጣ ጠየቁ፤ የዲያስፖራ ትረስት ፈንድም ተቋቋመ። ከእኛ የከፈለም ያልከፈለም ነበር። ወሬው ግን ከየቤታችን አልወጣም። አንድ ሰርግ ላይ አንዱ ተነሥቶ «ለአገር ካልን ለቀበሌያችንስ?» አለ፤ ያኔውኑ በናፕኪን ላይ ስም ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው የዲያስፖራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ፎልስ ቸርች ውስጥ አዳራሽ ተከራየን፤ ሴቶቻችን ሦስት ሌሊት ወጥ ሠሩ፤ ጨረታ ወጣ። አንድ ድፎ ዳቦ በ700 ዶላር የተሸጠበትን ሌሊት አልረሳም። የገዛው ታክሲ ነጂ ነው። ዳቦውን መልሶ ለጨረታ አቀረበው፤ ሌላው በ400 ገዛው፤ እሱም መለሰው። ከልግስናው እልሁ ይበልጥ ነበር ብል የሚከፋው አይኖርም፤ እኔም 400 ከከፈሉት አንዱ ነኝ።

በአራት ዓመት 42 ሺህ ዶላር ሞላ። ጭቅጭቁም ያኔ መጣ። በባንክ ብንልክ አንድ ዶላር 55 ብር ገደማ፤ በጎን ብንልክ እጥፉ። ማኅበራችን ከግብር ነፃ ሆኖ የተመዘገበ ስለሆነ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ ማንቀሳቀስ አይችልም። ገንዘብ ያዣችን «በባንክ ካልሆነ ፊርማዬን አታገኙም» አለች። አንድ እሑድ ሙሉ በዙም ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ በባንክ ሄደ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አራት ክፍል ሠራን፣ ሌላ አራት ክፍል በምንዛሬው ልዩነት ውስጥ ቀረ። ባለፈው ሐምሌ 22 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅና ዶላሩ በጥቂት ሳምንት ከመቶ ብር ሲያልፍ ስልኬ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። «አየህ!» የሚሉኝ ሁሉ ያኔ በጎን እንላክ ያሉት ናቸው። እኔ አሁንም ከነርሷ ጋር ነኝ። ደረሰኝ የሌለው ማኅበር ሲጣላ የሚዳኘው የለም፤ ሲጣላ ደግሞ አይቼዋለሁ።

ሰበታን፣ በቾን፣ ወሊሶን አለፍን። በቾ ሜዳ ላይ ጤፉ ጥሩ ነው። ወልቂጤ በምሳ ሰዓት ገባን።

መስከረም 14፤ ትምህርት ቤቱ

ክፍሎቹ ሰባት በስምንት ናቸው። ለካሁ፤ አንዱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያንሳል፤ አልነግራትም።

ደስ አለኝ፤ ይህን ልክድ አልችልም። እኔ የተማርኩበት የጭቃ ክፍል ግድግዳው ተሸንቁሮ የውጪው ዶሮ ይታየን ነበር። አሁን ብሎኬት ነው፤ ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ መስኮቱ መስታወት አለው። በሩ አጠገብ እብነ በረድ ተለጥፏል፦ «በሰሜን አሜሪካ በሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ተሠራ።» ርዕሰ መምህሩ ከጎኑ አቁመው ፎቶ አነሡኝ።

ከፎቶው በኋላ ግንበኛው መጣ፤ ለመስቀል እንጨት ሊፈልጥ ሲያልፍ ነው። መሠረቱን ስንት ቀን እንደቆፈሩ ጠየቅሁት። «እኔ ልቆጥር አልችልም። ድንጋዩን ከወንዝ ያመጡት ወንዶቹ ናቸው። አሸዋውን ሴቶቹ በጀርባቸው። አጣናውን እያንዳንዱ ቤት ከባሕር ዛፉ ሰጠ። ብርም አዋጥተዋል» አለኝ። እብነ በረዱን ዳግመኛ አነበብሁት። «ተሠራ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ውጦ ቁጭ ብሏል።

ስምንተኛ ክፍል ገባሁ። 71 ተማሪ ተመዝግቧል፤ ዛሬ የመጡት ከግማሽ ጥቂት ይበልጣሉ። ሌላው መስቀል ነው፤ ማን ይወቅሰዋል። የሒሳብ መምህሩ ወጣት ነው፤ ሃያ ስድስት ቢሆነው ነው። ሰባተኛንም ስምንተኛንም ሒሳብ የሚያስተምረው እሱ ብቻ ነው፤ ጠቅላላ ሳይንስም ተጨምሮበታል። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ለተማሪው አልደረሰም። እሱ በቴሌግራም ያገኘውን በስልኩ ከፍቶ ምሳሌውን በሰሌዳ ላይ ይገለብጣል፤ ልጆቹ ከሰሌዳ ወደ ደብተር። ከክፍለ ጊዜው ግማሹ በመገልበጥ ያልቃል። የስልኩ መስታወት ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ክፍልፋዩ ላይ ሲያርፍ ጣቱን እያንቀሳቀሰ ያነባል።

ካልኩሌተሮቹን ሰጠሁት። አመሰገነኝ። ከዚያ በጣም ትሕትና ባለው ድምፅ «ጋሼ፣ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ካልኩሌተር ይዞ መግባት አይፈቀድም እኮ» አለኝ። ፈተናውን የምናውቀው መስሎኝ ነበር።

ቀጥሎ «አይሲቲ ክፍል» ተብሎ የተጻፈበት። አሥር ኮምፒዩተር በኮንቴይነር ልከን ነበር፤ በጉምሩክ ደብዳቤ ላይ የጠፋው ጊዜ ሳይቆጠር። ሰባቱ ካርቶን ውስጥ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ በመጀመሪያው ቀን ተቃጠለ፤ የአሜሪካው መቶ አሥር ቮልት ነው፣ የእኛ ሁለት መቶ ሃያ፤ ከኋላው ያለችውን ትንሽ ቀይ ማብሪያ መገልበጥ ነበረበት፤ ማንም አልነገራቸውም። እኔ ራሴ ማሸጊያውን ሳስር አይቻት አልፌያታለሁ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ለመክፈት ፈሩ፤ ሶኬት ያለውም ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ብቻ ነው። አዳራሹ ጥግ ላይ የላክነው የመጽሐፍ ካርቶን ተደርድሯል። ከላይ ያለውን ከፈትኩት፤ ስለ ፍሎሪዳ አትክልት አተካከል ነው። አሜሪካ ውስጥ የተወገደውን እንደ ስጦታ መቀበል ለምዶብናል፤ ማለትም እዚህ ያሉት ለምደዋል፣ እኛ ደግሞ ማስለመድ።

ከመውጣቴ በፊት መምህሩን የት እንደሚኖር ጠየቅሁት። እምድብር ተከራይቶ ነው። በእግሩ ይመጣል፤ ዝናብ ሲሆን ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። ባለፈው ዓመት አብረውት የነበሩ ሁለት መምህራን ለቀዋል፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል። «እሱ ይሻለዋል» አለኝ፤ ምሬት አልነበረበትም። እኛ ከቨርጂኒያ አንድም ጊዜ ደውለን ያነጋገርነው መምህር የለም። የደወልነው ለርዕሰ መምህሩና ለኮንትራክተሩ ነው።

ማታ ሬዲዮ ላይ ስለ አገር አቀፉ ፈተና ወሬ ነበር። በ2014 የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፤ ባለፈው ዓመት 5.4። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 ይበልጣሉ። ያኔ ቁጥሩን ስሰማ ስለ ተማሪዎቹ ነበር ያዘንኩት። አሁን ግን የተሰነጠቀው ስልክ ነው የሚታየኝ።

መስከረም 16፤ ማታ

አጎቴ ቤት ነኝ። ከውጭ ጀፎረው፣ የመንደሩ ሰፊ ጎዳና፣ ላይ ልጆች ችቦ ይዘው ይሯሯጣሉ። ጎጆው ውስጥ ጭስ፣ ቅቤ፣ ቆጮ። ክትፎው በጣባ ቀረበ።

አጎቴ ስለ እብነ በረዱ ስነግረው ሳቀ። ተነሥቶ ከሙዳይ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ የአባቴ ደረሰኝ ነው። አባቴ መርካቶ ሊስትሮ ነበር። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች የመንገድ ሥራ ድርጅቱን ሲያቋቁሙ፣ ኋላ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት የሆነውን ማለቴ ነው፣ ነጋዴውም ሊስትሮውም እንዲያዋጣ ተጠየቀ። አባቴ ጫማ ጠርጎ ሁለት ብር ከፈለ። ያ ገንዘብ ተጠራቅሞ በሰባት ቤት ጉራጌ መንገድ ወጣበት፤ ትምህርት ቤትም ተሠራበት።

«ለመንገዱ ስንከፍል መሐንዲስ ጠርተን የት ይለፍ ብለን ጠይቀን ነበር» አለኝ አጎቴ። «እናንተ ትምህርት ቤት ስትሠሩ ማንን ጠየቃችሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ቆጮ አነሣሁ።

መስከረም 18፤ ስብሰባ

ከመስቀል ማግስት ከተማ ያለው ተወላጅ ሁሉ ስላለ የቀበሌ ጉዳይ የሚወራው ዛሬ ነው። ጀፎረው ላይ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን፤ ሽማግሌዎቹ በርጩማ፣ ሌላው በሣሩ።

ቃለ ጉባኤያችንን አነበብኩ። የማኅበራችን ሐሳብ አጥርና የብረት በር ነበር፤ በሩ ላይ ስም የሚጻፍበት ቅስት ያለው። ዝም አሉ። ዝምታው ጨዋነት ነው፤ እኔ ግን የዚህ አገር ልጅ ስለሆንኩ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

መጀመሪያ የተናገረችው አንዲት እናት ናት፤ አሸዋ ከተሸከሙት ውስጥ። የሴት ልጆች መጸዳጃ ቤት በር የለውም፤ ልጇ በየወሩ አራት ቀን ትቀራለች። ብረት በር ከተገኘ እዚያ ይሁን አለች። ሰዉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም።

ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ የመምህራን መኖሪያ ይሠራልን አሉ። ሁለት ክፍል ቢኖር የሒሳብ መምህሩ አይሄድም፤ ቢሄድም ሌላው ይመጣል። መሬቱን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ እንሰጣለን፣ እንጨቱ ከእኛ። እኔ የማኅበሩን ደንብ ነገርኋቸው፤ ደመወዝም የደመወዝ ዓይነትም አንከፍልም፤ መምህር መቅጠር የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛ ከጀመርን በኋላ ብናቆም ማን ይይዘዋል? ይህ ክርክር ውሸት አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴርም በ2015 «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ ሕዝቡን ሲጠራ ትምህርት ቤት አሻሽሉ ነው ያለው፤ ደመወዝ ክፈሉ አላለም። ነገር ግን ሽማግሌው «ቤት ደመወዝ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ፤ እንዳልሆነ ገባኝ። ደንባችንን የጻፍነው ፎቶ የሚነሣውን ነገር ለመሥራት እንዲመቸን ነበር።

አጥሩ ቀረ። የተስማማነው ይህ ነው፦ ሁለት ክፍል የመምህራን መኖሪያ፣ እንጨቱና ጉልበቱ ከቀበሌው፣ ቆርቆሮውና ሲሚንቶው ከእኛ፤ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል የሒሳብና የሳይንስ መጽሐፍ ታትሞ ለሁለት ልጅ አንድ እንዲደርስ፤ ለመጸዳጃ ቤቱ በር። የማኅበሩን ጉባኤ ማሳመን የእኔ ሥራ ነው፤ ድፎ ዳቦ መሸጥ እንደሚቀለው ለመጸዳጃ ቤት በር መለመን አይቀልም።

እብነ በረዱም ይነሣል፤ በምትኩ ምን እንደሚጻፍ ለመስማማት ሽማግሌዎቹ እስከ ገና ጊዜ ጠይቀዋል።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ገንዘብ የምታዋጡ፣ ከመላካችሁ በፊት ለሒሳብ መምህሩ ደውሉ። ስልኩ ቢሰነጠቅም ያነሣል።