ተዋናይቷን ከገጸ ባሕርይዋ እንለይ

እናቶችና ሠራተኛ እህቶች! ከጣራ ገዳም ሥር ባለችው በእኛዋ አዲስ ዘመን ከተማ አንዲት ልጅ የትምህርት ቤቷ ድራማ ክበብ ልግባ ብላ ስትጠይቅ ብዙዎቻችን «ደግሞ አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» እንላታለን። አዝማሪነት ራሱ የተከበረ ሙያ መሆኑን እንዘነጋለን። እኛው ግን ማታ ማታ ቴሌቪዥን ከፍተን፣ ተዋናይቷ ስታለቅስ አብረን እናለቅሳለን። ክፉ ሴት ሆና ስትጫወት ደግሞ ራሷን ተዋናይቷን እንረግማለን። ይህ ፍርድ ነውን?

እንደሚታወቀው በአገራችን ቲያትር ሲጀመር የሴቷን ቦታ ይዘው ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ናቸው። መድረኩን ከደፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ በ2004 ዓ.ም. ያረፈችው፣ በክራሯም የምናውቃት አስናቀች ወርቁ ናት። የዛሬዎቹ ተዋንያት እርሷና መሰሎቿ በጠረጉት መንገድ የሚሄዱ ናቸው።

ታዲያ ሥራቸውን በምን እንመዝነው? በ2000 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» ታሪኩ በከፊል በጣና ዙሪያ ነውና ለእኛ ቅርብ ነው። እግሩን አጥቶ ከውጭ አገር የተመለሰውን ልጅ እናት የምትጫወተው ታከለች በየነ ናት። ልጇ ምን እንደነካው ሳይገባት ጠበል ልውሰድህ የምትለው እናት ጎረቤታችን የምናውቃት ሴት ናት። በዚያው ፊልም መንደሩ ያገለላት አዛኑ አለች። ተመልካቹ ሳይፈርድባት በፊት እንዲያዝንላት ማድረግ ቀላል ችሎታ አይደለም።

በ2006 ዓ.ም. የታየው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ደግሞ በአርሲ በእውን ከደረሰ የጠለፋ ታሪክ የተነሣ ነው። ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችው ልጅ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ ዝምታዋ ግን ይናገራል። ጠበቃዋን ሆና የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት ቆራጥነትን በሚገባ አሳይታናለች። በበኩሌ ድካሟንና ጥርጣሬዋን ጥቂት ጨምራ ብታሳየን ይበልጥ በቀረበችን ነበር እላለሁ።

እንግዲህ ከልጆቻችን ጋር ፊልም ስናይ «ይህች ሴት ጥሩ ናት ወይስ መጥፎ?» ማለቱ ብቻ አይበቃንም። «እንዲህ ያለች ሴት በእውነት አለችን? እዚህ ያደረሳትስ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ከአልቃሻ እናትና ከቡና ቤት ሴት ሌላ ሐኪሟን፣ ገበሬዋን፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋንም አሳዩን ብለን እንጠይቅ። የተዋናይቷ ችሎታ የሚሰፋው የሚሰጣት ሴትነት ሲሰፋ ነውና።