ከሳንታ ሞኒካ እስከ ሬዶንዶ በባለጎማ ሳንቃ

በሎስ አንጀለስ የሚኖር ሰው ዕድሜውን ሙሉ በባሕር አጠገብ ኖሮ ባሕሩን ሳያውቀው ሊቀር ይችላል። ከተማው የተሠራው ለመኪና ነውና ሰው ከቤቱ ወጥቶ መኪናው ውስጥ፣ ከመኪናው ወርዶ ሥራው ውስጥ ይገባል፤ ውቅያኖሱን የሚያየውም በመስተዋት በኩል፣ ያውም ቀይ መብራት ሲይዘው ነው። የኛ አገር ሰው ደግሞ ይብስበታል። ብዙዎቻችን በታክሲ፣ በመኪና ማቆሚያና በሆስፒታል ቀንና ሌሊት የምንሠራ ስለሆንን፣ እሑድ ስትመጣ የሚታየን ቤተ ክርስቲያንና በፌርፋክስ ጎዳና የሚገኘው ምግብ ቤት እንጂ አሸዋው አይደለም። ይህ የፌርፋክስ ሰፈር በ2002 ዓ.ም. በከተማው ውሳኔ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።) ከዚያ እስከ ውቅያኖሱ መንገዱ ካልተጨናነቀ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ይሁን እንጂ የማውቃቸው ሰዎች የሚሄዱት ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣባቸው ብቻ ነው።

እኔ እንግዳ ሳይመጣብኝ ወደዚያ መሄድ የጀመርሁት በ49 ዓመቴ ነው፤ የወሰደኝም በአራት ጎማ የቆመ አንድ ሳንቃ ነው።

ሳንቃው የልጄ ነበረ። እርሷ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወደ ሰሜን ካሊፎርኒያ ስትሄድ ከበሩ አጠገብ አስደግፋው ቀረች፤ እኔም ጠዋት ስወጣ፣ ማታ ስገባ አየው ነበር። ፈረንጆቹ ሎንግቦርድ ይሉታል፤ ረጅም ሳንቃ ማለት ነው። ልጆች በደረጃና በብረት መደገፊያ ላይ ሲዘሉበት የምናየው ስኬትቦርድ ርዝመቱ 32 ኢንች፣ ጎማውም 52 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ትንሽና ደረቅ ነገር ነው። የልጄ ሎንግቦርድ ግን 40 ኢንች፣ ማለት አንድ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ጎማው 70 ሚሊ ሜትር ሆኖ ለስለስ ያለ ስለሆነ፣ ጠጠር ወይም የሲሚንቶ ስንጥቅ ሲያጋጥመው ተንከባሎ ያልፈዋል። ለዝላይ ሳይሆን ለጉዞ የተሠራ ነው። ጉልበቱ የደረቀበት ጎልማሳ ሊደፍረው የሚችለው ይኸንን ነው እንጂ ያንን አይደለም።

ነገሩ ለኔ ፍጹም ባዕድ አለመሆኑን የተረዳሁት ሳንቃውን ገልብጬ ጎማዎቹን ስመለከት ነው። በያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ሁለት ሁለት ኩሽኔታ አለ። በአዲስ አበባ ካደገ የኔ ዕድሜ ሰው መካከል ኩሽኔታ ከጋራዥ ለምኖ፣ በጣውላ ላይ ገጥሞ በቁልቁለት ያልተንደረደረ ስንቱ ይሆን? ድምፁ ሰፈሩን ሲያውክ እናቶች እየወጡ ይቆጡን ነበር። የካሊፎርኒያ ልጆችም የጀመሩት እንደዚሁ ከባለጎማ ጫማ ላይ ጎማውን እየነቀሉ በጣውላ ላይ በመምታት ነው። ልዩነቱ እኛ ቁጭ ብለን ስንንደረደር እነርሱ መቆማቸው ነው።

አሁን ስለ መንገዱ ልናገር። ከሰሜን፣ ከዊል ሮጀርስ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በስተደቡብ እስከ ቶራንስ የሚደርስ፣ 22 ማይል ወይም 35 ኪሎ ሜትር የሚሆን የብስክሌት መንገድ ነው። የተሰየመው በማርቪን ብራውዲ ስም ነው፤ እኒህ ሰው ከ1965 እስከ 1997 ዓ.ም. በከተማው ምክር ቤት ያገለገሉ፣ ብስክሌት ወዳድ ሰው ነበሩ። በአንድ ወገን አሸዋና ውቅያኖስ፣ በሌላው ወገን ቤትና ዘንባባ ይታያል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ባቡር ከመሀል ከተማ እስከ ሳንታ ሞኒካ ስለሚደርስ፣ ሳንቃን በብብት ይዞ መምጣት ይቻላል። በ1909 ዓ.ም. ከተከፈተው፣ ወደ ባሕሩ ዘልቆ ከገባው የሳንታ ሞኒካ ድልድይ በስተደቡብ ያለው ክፍል እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ልጅ በቁልቁለት ይማራል፤ ጎልማሳ ግን ቁልቁለት የሌለበት አገር መፈለግ አለበት፤ እኔ እስካየሁት ድረስም ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም።

ሰዓቱ ማለዳ ይሁን። በሜይና በጁን ወር ጠዋት ጠዋት ባሕሩ ጭጋግ ይለብሳል፤ ያገሩ ሰው በዚህ ይማረራል፣ ለኛ ግን ሰኔ ስለሆነ አይገርመንም። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከባሕር ይነሣና አሸዋውን በመንገዱ ላይ ይበትናል። የሎንግቦርድ ጠላት ደግሞ አሸዋ ነው፤ ጎማው አሸዋ ውስጥ ሲገባ ሳንቃው ይቆማል፣ ሰውዬው ግን ጉዞውን ይቀጥላል።

ያስተማረኝ አንድ ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜው ከኔ በ14 ዓመት ይበልጣል። አንድ ማለዳ ሳንቃዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ ቆሜ ቢያየኝ ከሳንቃው ወርዶ ቀረበኝና፣ «አንተ ነህ እርሱን የምትሸከመው ወይስ እርሱ ነው አንተን?» አለኝ። ከዚያም ሳላስበው ከኋላዬ በቀስታ ገፋ አደረገኝ፤ ቀድሞ ወደፊት የወጣው ቀኝ እግሬ ነበር። «እንግዲያው ከፊት የምታቆመው ቀኝህን ነው» ሲል ፈረደ። አብዛኛው ሰው ግራውን ያስቀድማል፤ ቀኙን የሚያስቀድመውን «ጉፊ» ይሉታል፣ ትርጉሙም ቂላቂል እንደ ማለት ነው። ስድብ አይደለም ብሎ አረጋገጠልኝ።

ሦስት ቀን በሣር ላይ ብቻ አቆመኝ። ሣሩ ጎማውን ስለሚይዘው ሳንቃው አይሄድም፤ እግር ግን ቦታውን ይለምዳል። ከዚያ በኋላም ያስቀደመው መሄድን ሳይሆን መቆምን ነው። ይህ ሳንቃ ፍሬን የለውም፤ ፍሬኑ የጫማ ሶል ነው። የኋላ እግር ከሳንቃው ወርዶ መሬቱን እንደ መጥረጊያ በስሱ ይዳስሳል፤ የሰውነት ክብደት ግን በሙሉ በፊተኛው እግር ላይ መቅረት አለበት። ክብደቱን ወደ ወረደው እግር ያዛወረ እንደሆነ እግሩ ከመሬቱ ጋር ይቀራል፣ ሳንቃው ብቻውን ይሄዳል። ይህን በአንድ እግር የመቆም ነገር ልጅ በአንድ ቀን ይማረዋል፤ እኔን አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ዕድሜ ሲገፋ የሰውነት ሚዛን እየደከመ ይሄዳልና፤ ደግነቱ በልምምድ መሻሻሉ ነው። መዞሩ ይቀላል። መሪ ስለሌለው ሰውዬው ወዳዘነበለበት ይዞራል፤ ዓይንም ወደ እግር ሳይሆን ወደሚሄዱበት መመልከት ይኖርበታል።

መውደቅ የማይቀር ነው፤ የነገሩም ከባድ ክፍል እዚህ ላይ ነው። ልጅ ሲወድቅ ጉልበቱ ይላጣል፣ እናቱ ታጥብለታለች፣ ያበቃል። ጎልማሳ ሲወድቅ በደመ ነፍስ እጁን ይዘረጋል፤ የሚጎዳውም የእጅ አንጓው ነው። ከአውራ ጣት ሥር የምትገኝ አንዲት ትንሽ አጥንት አለች፤ የሚደርሳት ደም ጥቂት ስለሆነ አንዴ ከተሰበረች ቶሎ አትገጥምም፣ ወራት ሊፈጅባት ይችላል። እኔ ደግሞ የምተዳደረው መሪ በመጨበጥ ነው። ለኔ ብጤው ታክሲ ነጂ የሕመም ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፤ መኪናው የቆመበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ነው፣ የቤት ኪራዩ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣል። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ስታውጠነጥን ሰንብታ አንድ ማታ እራት ላይ፣ «እጅህ ቢሰበር ልጅቱን ማን ሊያስተምራት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀልድ አልነበረም።

ስለዚህ ውል ገባን። የካሊፎርኒያ ሕግ ሄልሜት የሚያስገድደው ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነውን ነው፤ በቤታችን ሕግ ግን እኔም ተገደድሁ። ከሄልሜቱ ሌላ የአንጓና የጉልበት መከላከያ ገዛሁ፤ የሁሉም ዋጋ ተደምሮ የሁለት ቀን ገቢዬን አይሞላም። ቁልቁለት የተከለከለ ሆነ። ዓርብና ቅዳሜ ገበያ የሚደራባቸው ቀኖች ስለሆኑ በነዚያ ቀኖች ሳንቃው ከቤት አይወጣም።

በሁለተኛው ወር ነፋስ የበተነው አሸዋ ያዘኝና በሁለት እጄ መሬት ደረስሁ። የመከላከያው ፕላስቲክ ተፋቀ፤ ከእጄ ቆዳ አልተነካም፤ ክርኔ ግን ለሁለት ሳምንት አበጠ። የዚያኑ ማታ ሥራ ገባሁ።

ታዲያ ለምን ትሞክረዋለህ የሚለኝ ብዙ ነው። ፌርፋክስ ላይ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ እግዜር የሰጠህ ሁለት እግር ምን አጠፋና ነው በአራት ጎማ የምትሄደው?» አሉኝ። ወጣቶቹ «ጋሼ፣ አንድ ቀን ይዘውን ይሂዱና ቪዲዮ እናንሣዎት» እያሉ ይስቃሉ። ከነርሱ አንዱ ግን በአዲስ አበባም በ2016 ዓ.ም. የኮንክሪት የስኬትቦርድ ሜዳ መከፈቱን፣ እርሱም ገና ልጅ ሳለ እዚያ ይውል እንደነበረ ነገረኝ። ስለ ዕድሜ የሚነሣውንም ወሬ አልቀበለውም። ስኬትቦርድ በቶክዮ በ2021 ዓ.ም. በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ መጀመሪያ በገባ ጊዜ ከሴቶቹ ውድድር አንዱን ያሸነፈችው የ13 ዓመት ልጅ፣ ጃፓናዊቷ ሞሚጂ ኒሺያ ናት፤ ይሁን እንጂ በ2024 ዓ.ም. በፓሪስ ለብሪታንያ የተወዳደረው አንዲ ማክዶናልድ 51 ዓመቱ፣ ለደቡብ አፍሪካ የተወዳደረው ዳላስ ኦበርሆልዘርም 49 ዓመቱ ነበር። ሜዳልያ አላገኙም፤ ወርደው ግን አልቀሩም።

ለኔ መልሱ ሌላ ነው። በቀን ዐሥር ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሌላውን ሰው ወደሚፈልግበት አደርሳለሁ፤ የከተማውን መንገድ ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ግን የማውቀው በስም ነው። ይህንን መንገድ ያወቅሁት በእግሬ መዳፍ ነው። የሲሚንቶው መጋጠሚያ የት እንደሚያንኳኳ፣ አሸዋው በየትኛው ማጠፊያ እንደሚጠራቀም፣ ነፋሱ ከየትኛው ሕንፃ ኋላ እንደሚመጣ ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ መናገር እችላለሁ።

በአምስተኛው ወር መምህሬ ወደ ደቡብ እንሂድ አለኝ። ማክሰኞ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከሳንታ ሞኒካ ተነሣን። መጀመሪያ የሚገኘው ቬኒስ ነው። አቦት ኪኒ የሚባል በሲጋራ ንግድ የከበረ ሰው የኢጣልያኑን ቬኒስ ለመምሰል ቦዮች አስቆፍሮ በ1905 ዓ.ም. ከፈተው፤ በ1929 ዓ.ም. ግን አብዛኛው ቦይ ተደፍኖ የመኪና መንገድ ሆነ። (እዚህ አገር መኪና የማይውጠው ነገር የለም።) ከአሸዋው ላይ በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው የስኬትቦርድ ሜዳ አለ፤ ልጆቹ ከጎድጓዳው ሲወጡና ሲገቡ ወፍ ይመስላሉ። የዚህ ሰፈር ልጆች ታሪክ አላቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስዎርዚ የተባለ ሰው ከዩሪቴን፣ ማለት ለስላሳና ጠንካራ ከሆነ ፕላስቲክ የተሠራ ጎማ አወጣ። ከዚያ በፊት የነበረው የብረትና የሸክላ ጎማ ጠጠር ሲያገኝ ሰውን ይወረውር ነበር። በ1975 ዓ.ም. ዜፈር የሚባለው የሳንታ ሞኒካና የቬኒስ ልጆች ቡድን በዴል ማር ውድድር ላይ ታየ፤ ጥቂት ቆይቶም በካሊፎርኒያ ድርቅ ሆነና ሰዎች የግቢያቸውን መዋኛ ሲያደርቁ ልጆቹ አጥር እየዘለሉ ገንዳው ውስጥ መንሸራተት ያዙ። ለገበሬው መከራ የሆነው ድርቅ ለነዚህ ሜዳ ሆነላቸው።

ከቬኒስ በኋላ መንገዱ ባሕሩን ትቶ የሀብታሞች ጀልባ የሚቆምበትን ማሪና ዴል ሬይን ይዞራል። ባሎና የሚባለውን ወንዝ በድልድይ ከተሻገርን በኋላ እንደገና አሸዋው ተገናኘን። ከዚህ ወዲያ ያለው ቦታ ውበት የለውም፤ እኔ ግን ወደድሁት። ከሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ጣቢያ የሚነሡት ትልልቅ አውሮፕላኖች ከራሳችን በላይ ወደ ባሕሩ ይወጣሉ፤ ድምፃቸው በሳንቃው በኩል እግር ላይ ይሰማል። ስንቱን መንገደኛ እዚያ ጣቢያ አድርሻለሁ፣ ከዚህ ወገን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ የከተማው ፍሳሽ ማጣሪያ ከነሽታው፣ ቀጥሎም ኤል ሴጉንዶ የነዳጅ ማጣሪያ ይመጣል፤ ስሙ በእስፓንኛ «ሁለተኛው» ማለት ነው፣ ኩባንያው በ1911 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ሁለተኛ ማጣሪያውን ስላቆመበት ነው። እዚያ አካባቢ ውሃ ጠጣን፤ የፊተኛው እግሬ ጭን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መምህሬም አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ማንሃታን ቢች በቤቶቹ ያማረ ነው፣ በዚያው አለፍነው። ሄርሞሳ ቢች ግን በ1963 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ የስኬትቦርድ ውድድሮች አንዱ በትምህርት ቤት የተደረገበት ከተማ ነው። ሕዝብ ስለበዛ ወርደን በእግራችን ሄድን።

ሬዶንዶ ስንደርስ 5 ሰዓት ሆኖ ነበር። በድልድዩ አጠገብ የጆርጅ ፍሪዝ የነሐስ ሐውልት አለ። በ1883 ዓ.ም. በሆኖሉሉ ተወልዶ በ1907 ዓ.ም. ወደዚህ የመጣና በማዕበል ላይ በሳንቃ ቆሞ መሄድን ለካሊፎርኒያ ሕዝብ ያሳየ ሰው ነው፤ የባሕሩ ሳንቃ ነው ኋላ ጎማ አውጥቶ ወደ ሲሚንቶው የወጣው። ብዙ ሰው ከመስጠም ያዳነው ይህ ሰው በ1919 ዓ.ም. በኅዳር በሽታው ዘመን በኢንፍሉዌንዛ ሞተ፤ 35 ዓመቱ ነበር። ሐውልቱን እንኳ በ2008 ዓ.ም. ሌባ ወስዶት ሌላ ተተክቶለታል።

መምህሬ ቶራንስ ድረስ ቀጥሎ መንገዱን ሊጨርሰው ፈልጎ ነበር። እኔ ግን በ10 ሰዓት መኪናዬን ማስነሣት ነበረብኝና፣ አሸዋውን ከጫማዬ አራግፌ አውቶቡስ ጠበቅሁ።