ውሃ የሚያለሰልስ ማሽን ልግዛ ወይ?

ትናንት ማታ የድሮ ተማሪዬ ደወለ። ሰላምታው ሳያልቅ፣ "ቲቸር፣ ውሃ የሚያለሰልስ ማሽን ቴሌግራም ላይ አየሁ፤ ልግዛው?" አለኝ። ቆቦ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። የባጃጇን ግማሽ ብር እናቱ ከብት ሸጠው ነው የሰጡት። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ያጥባታል፤ ስትደርቅ መስታወቷ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይቀራል። ለውበት ተጨንቆ መስሎኝ ልስቅ ስል፣ "ማታ የመኪና መብራት ፊት ለፊት ሲመጣ መስታወቱ ሁሉ ይነጣል፤ መንገዱ አይታየኝም" አለ። ሳቄን ዋጥኩት።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። ስንት ዘመን ኬሚስትሪ አስተምሬ፣ ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት ገዝቻለሁ። "ውሃውን ያለሰልሳል" ተብዬ። የሻይ ማንቆርቆሪያችን ግን ወሬውን አልሰማም መሰለኝ፣ ውስጡ ኖራ እንደተቀባ ቀጠለ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታስታውሰኛለች። ስለዚህ ማግኔት ለሚሸጥላችሁ ሰው መልሳችሁ አጭር ይሁን።

የእኛ ውሃ ከጉድጓድ ነው። ከምዕራቡ ተራራም ከዞብልም በኩል ሲወርድ የኖረ ደለል ሜዳውን ሞልቶታል፤ ዝናቡ እዚያ ውስጥ ሰርጎ ብዙ ዘመን ይቀመጣል። ከአፈሩ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ስለሚገባ ድንጋዩን ቀስ እያለ ያሟሟል፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ተሸክሞ ይወጣል። ክፍል ውስጥ "ሀርድ ዋተር" ስንለው የነበረው ይኸው ነው። ፀሐይ ውሃውን ስታተነው ድንጋዩ መስታወት ላይ ይቀራል። ኦሞ የማያስለቅቀውም ለዚህ ነው፤ ቆሻሻ ሳይሆን ድንጋይ ነው። አቼቶ ወይም ሎሚ ያስለቅቀዋል። በጨርቅ ነክራችሁ ትንሽ ቆይታችሁ አሽታችሁ፣ ወዲያው በውሃ ማለቅለቅ ነው።

እውነተኛው ማለስለሻ ሬዚን የሚባል ጥቃቅን ፍሬ የተሞላ ጋን ነው። ፍሬው ካልሲየሙን ይይዝና በምትኩ ሶዲየም ይለቃል። ሲጠግብ በጨው ውሃ ይታደሳል፤ የአፍዴራ ጨው ይበቃዋል፣ ለአንድ ሊትር ሬዚን 150 ግራም ገደማ። (እጣቢውን ግን ብርቱካን ሥር እንዳትደፉት! ጨው ነው።) አንድ ሊትር ሬዚን በአንድ ዙር ወደ 50 ግራም ድንጋይ ይይዛል ብለን እናስላ። የጉድጓዱ ውሃ በሊትር 300 ሚሊግራም ቢኖረው፣ 8 ጀሪካን ያህል አለስልሶ ይጠግባል ማለት ነው። ልጁ ባጃጇን በ3 ጀሪካን ነው የሚያጥባት። ሁሉንም ላለስልስ ካለ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ጨው ሲያሟሟ ሊኖር ነው። ትልቁን ጋን ቢገዛ ደግሞ የእናቱ ብር ሄደ።

እዚህ ላይ ነው ሻጮቹ የማይነግሯችሁ። ነጠብጣቡን የሚተወው የመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ ነው። አቧራና ጭቃውን በጉድጓዱ ውሃ አውርዱት፣ በሻምፖም እጠቡት፤ መጨረሻ ላይ ግማሽ ጀሪካን ለስላሳ ውሃ ይበቃል። ያኔ ያው አንድ ሊትር ሬዚን 16 ሳምንት ሄደ! ደግሞም የለሰለሰ ውሃ ንጹህ ውሃ አይደለም፤ ሶዲየሙ ሲደርቅ እሱም ምልክት ይተዋል፣ ልዩነቱ በእርጥብ ጨርቅ መልቀቁ ነው።

ይህን ሁሉ አስልቼ ስጨርስ የጣሪያው ቆርቆሮ ትዝ አለኝ። የዝናብ ውሃ ከሰማይ ለስልሶ ነው የሚመጣው። 30 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድ 300 ሊትር ነው፤ ሐምሌ ላይ የአንድ ከሰዓት ሥራ። በሳምንት 10 ሊትር ለሚፈልግ ልጅ ሁለት በርሜል ከመስከረም እስከ ግንቦት ያደርሰዋል። አሸንዳ፣ ሁለት በርሜል፣ ክዳን፤ አለቀ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ ይዞ ይሂድ። ክዳኑን ግን አደራ፣ እኛ አገር ወባ አለ፤ ክፍት በርሜል ትንኝ ማርቢያ ነው።

እናቶቻችን ሬዚን ሳያውቁ በዚሁ ውሃ ያጥቡ ነበር። እንዶድ አረፋው እንደ ሳሙና በካልሲየም አይረጋም። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣ ሞቶ አይተው ነው የእንዶዱን ምርምር የጀመሩት። ባጃጅ በእንዶድ እጠቡ አላልኩም፤ ነገር ነገርን አንስቶት ነው።

ለልጁ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ "ቲቸር፣ አሁን ግንቦት ነው፤ እስከ ክረምት ምን ልሁን?" አለኝ። አብሽር አልኩት። በጠዋት ጥላ ውስጥ እጠባት፣ ሳትደርቅ በንጹህ የጥጥ ጨርቅ ጠርጋት፤ ውሃው ካልተነነ ድንጋዩም አይቀርም። መስታወቱን ዛሬውኑ በአቼቶ። "የባትሪውስ?" አለ። ለባትሪ የጉድጓዱም፣ የበርሜሉም፣ በሬዚን የለሰለሰውም አይሆንም፤ የተጣራውን ከሱቅ ግዛ አልኩት።

ማሽኑን ትቶታል፣ አሸንዳ የሚሠራ ሰው እየፈለገ ነው። ቆቦ ውስጥ ያላችሁ፣ ዘይት ያልነካው በርሜል የት እንዳለ ኮመንት ላይ ጻፉለት።