ስለ ሰማይ ቀበቶና ስለ መሬት ወሰን

የምንኖረውም የምንሠራውም ከፒያሳ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው በአስኮ ሲሆን፥ ሥራችን የቦታ ወሰን መለካት ነው። ጎረቤታሞች በአጥር ሲከራከሩ፥ ትልቁ መሣሪያ ተራ እስኪደርሰን ድረስ በእጅ የሚያዘውን ጂፒኤስ ይዘን በመካከላቸው እንቆማለን። ታዲያ በማለዳ የለካነው ነጥብ በዘጠኝ ሰዓት ስንመለስበት ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ብሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በአስኮ ጥቂት ሜትር ማለት የአንድ ቤተ ሰብ ማዕድ ቤት ማለት ነው። አንዲት እናት፥ «ልጆቼ፥ የሚሄደው መሬቱ ነው ወይስ መሣሪያችሁ?» ብለውናል።

ጥያቄያቸው መልስ ይገባዋል። መሣሪያው የሚያዳምጠው 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚወርደውን የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሞገዱ ወደ እኛ ሲወርድ፥ የፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ የሞላውን አዮኖስፌር የተባለውን የአየር ንብርብር ሲያልፍ ይዘገያል። ኢትዮጵያ ደግሞ በምድር የማግኔት ወገብ አጠገብ ናት፤ በዚህ ወገብ ላይ፥ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ ቀን ቀን የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ንብርብሩ እንደሚፈላ ወተት እየተንፈቀፈቀ ሞገዱን ያንቀጠቅጠዋል። እርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የሰማይ አይደለም፤ የቆርቆሮ ጣራና ግንብም መሣሪያውን ያሳስታሉ።

ሳተላይቶቹም ቢሆኑ በሰላም አገር አይኖሩም። መንገዳቸው፥ ቫን አለን በተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ስም በሚጠራው በውጭኛው የጨረር ቀበቶ ውስጥ ነው። ይኸውም የምድር ማግኔት አስሮ የያዛቸው እጅግ ፈጣን ኤሌክትሮኖች የሚመላለሱበት ስፍራ ነው። ፀሐይ ስትቆጣ አንዱ ማዕበል ቀበቶውን ሲያበረታው፥ ሌላው ያመነምነዋል። የትኛው ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መናገር ገና ያልተፈታ ሥራ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በተነሣው ማዕበል፥ በአሜሪካ በጂፒኤስ የሚመሩ የእርሻ ትራክተሮች በዘር ወቅት መስመራቸውን ስተው ቆመዋል።

ቀበቶው የተገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ነው። በዚያው ዓመት አባ ፒየር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምድርን ማግኔት መመዝገብ አስጀመሩ፤ ቦታውም የተመረጠው ለማግኔቱ ወገብ ስለሚቀርብ ነው። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ ቤተ ሙከራ ወጣቶች ይህንኑ ሰማይ ያጠናሉ። ቀበቶውን እንዲመረምሩ በ2012 የተላኩት ሁለት መንኰራኵሮች ግን በ2019 ሥራቸውን ፈጽመዋል። ብዙ ሰው የዚህ ምርምር የወደፊት ዕድል በሮኬት ብቻ ይመስለዋል። እኛ ግን አዲስ መንኰራኵር ያየውን የሚያመዛዝንበት ረጅም የምድር መዝገብ ከሌለው፥ ዓይን እንጂ ትዝታ የለውም እንላለን።

መዝገቡ ደግሞ ጸጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል። በለንደን አጠገብ በኪው የነበረው የማግኔት ምዝገባ የኤሌክትሪክ ትራም ሲያውከው፥ እንግሊዞች በ1908 ወደ ስኮትላንድ ገጠር፥ ወደ ኤስክዴልሙር አዛወሩት። በእኛም ከተማ የኤሌክትሪክ ባቡር ከ2015 ጀምሮ ይሄዳል። በምንሞላቸው የቦታ ቅጾች ላይ ለመኖሪያ፥ ለንግድ፥ ለፋብሪካ፥ ለመንገድ የሚል መደብ አለ፤ ለማግኔት መለኪያ የሚል አላየንም። ከሐዲድ የራቀ ባዶ መሬት በየዓመቱ ሲታጠር የምናየው ግን እኛው ለኪዎቹ ነን፤ ሳያልቅ መጠየቅ ያለበትም አሁን ነው።