የክብር ዘበኛ ኦር…

ሰውየው ከሁለት ወዳጆቹ ጋር የጋራ የዘፈን ማኅደር ሊያደራጅ ሲነሣ ጠብ ቢመጣ በምርጫ ነው ብሎ ሠግቶ ነበር፤ አንዱ ጥላሁን፣ አንዷ አስቴር ሲሉ። በምርጫስ አልተጣሉም። እሱ ዊንዶውስ፣ ወዳጁ ሊኑክስ፣ ጓደኛቸው ማክ ይዘው ጂንካ ላይ ቅዳሜ፣ ገበያው በደራበት ቀን፣ አንድ ሃርድ ዲስክ ከበው ተቀመጡ።

ዲስኩ በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት የተደረገ ነበር። ማክ ይህን ፎርማት ያነባል እንጂ አይጽፍበትም፤ ጓደኛቸው እንደ ሠርግ እንግዳ ሰምታ መሄድ እንጂ መጨመር አልቻለችም። ዘፈኑን ሁሉ ሌላ ቦታ ገልብጠው ዲስኩን ወደ ኤክስፋት ቀየሩት። ኤክስፋት እ.ኤ.አ. በ2006 ቢወጣም ሊኑክስ እንደራሱ አድርጎ የተቀበለው በ2019 ነው፤ የወዳጅየው ላፕቶፕ ደግሞ ከዚያ በፊት የተጫነ። ግማሽ ቀን በዚህ አለቀ።

ከዚያ ስሞቹ መጡ። ለዊንዶውስ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል አንድ ነው፤ ለሊኑክስ ግን በገዛ ዲስኩ ላይ በትልቅ «ኤ» የተጻፈች አስቴርና በትንሽ «ኤ» የተጻፈች አስቴር ሁለት ሴቶች ናቸው። መሐሙድ አሕመድን የአባቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የቆጠረ የውጭ ካታሎግ «አሕመድ» ብሎ ከፊት አስቀምጦታል። እንደ ልጅ አባቱን ተከትሎ መሄዱ ነው መሰል።

ዋናው ነገር ግን ከዚያም ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 ዘፈን ውስጥ ስም መጻፊያ ሲበጅ ለዘፋኙ 30 ባይት ብቻ ተሰጠው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደል 3 ባይት ይበላል። ስለዚህ ለሐበሻ 10 ፊደል ደረሰው፤ ያውም ክፍተት ሳይቆጠር። ጥላሁን ገሠሠ በ22 ይገባል። «የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ» ግን 41 ስለሚፈልግ «ኦር» ላይ ተቆርጦ፣ «ኬ» አንድ ባይት ብቻ ደርሷት በጥያቄ ምልክት ቀርታለች። ባለ ማዕረጎቹ ሙዚቀኞች ደጅ ላይ የቆሙ ይመስላል። አዲሱ መጻፊያ ይህን ገደብ አንሥቶታል፤ የድሮ ፋይል ግን ድሮውን ይዞ ይዞራል።

የመጨረሻው ፋይል ከአርቦሬ የመጣ ነው፤ ከወይጦ ወደ ቱርሚ በሚወስደው መንገድ፣ በጨው ባሕር አቅራቢያ ካለው አገር። ወዳጁ አስፈቅዶ በስልኩ የቀዳው የማታ ጨዋታ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ስልኩ ቁጥር ብቻ ሰጥቶታል። የዘፋኙ ቦታ ባዶ ነው።

«ማን ልበል?» አለ ሰውየው።

«ሁሉም ነው የዘፈነው» አለ ወዳጁ።

ከአራቱ የአርቦሬ መንደሮች፣ ከጋንደራብ፣ ከኩላማ፣ ከሙራሌና ከኤጉዴ፣ የተቀዳበትን ጻፉበት። ፕሮግራሙም በፊደል ተራ ጋንደራብን ሽለላን በሳክስፎን ከተጫወተው ከጌታቸው መኩሪያ በላይ አስቀመጠው። 15 ባይት ፈጀ፤ ግማሹ ተረፈ።