ጨረታ የተሸነፈው መኪና

ዛሬ በአገራችን አቀበቱን እየቧጠጠ ወላድ የሚያደርሰው ላንድክሩዘር ታሪኩ የሚጀምረው በሽንፈት ነው። የኮሪያ ጦርነት በተነሳበት በ1950 እ.ኤ.አ. ጃፓን አዲስ የፖሊስ ተጠባባቂ ኃይል አቋቁማ አራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ትፈልግ ነበር። ቶዮታም የጭነት መኪና ሞተር በትንሽ መኪና ላይ ገጥሞ «ቢጄ» ያለውን ይዞ ቀረበ። የተመረጠው ግን በሚትሱቢሺ የሚገጣጠመው የአሜሪካኖቹ ጂፕ ሆነ።

ቶዮታ ተስፋ አልቆረጠም። በሐምሌ 1951 ሹፌሩ ኢቺሮ ታይራ ቢጄን እየነዳ የፉጂ ተራራን ወጣና ከዚያ በፊት መኪና ደርሶበት የማያውቀው ስድስተኛው ማረፊያ ላይ ቆመ። ይህን ያየው የገጠር ፖሊስ መኪናውን ገዛ። መኪናው «ቶዮታ ጂፕ» ይባል ነበር፤ «ጂፕ» ግን የሌላ ድርጅት ስም ስለነበር፣ በ1954 የቴክኒክ ኃላፊው ሃንጂ ኡሜሃራ ከእንግሊዙ ላንድሮቨር በክብር የማያንስ ስም ፈልገው «ላንድክሩዘር» አሉት።

ገጠሩ አብልጦ የሚያውቀው ግን በ1984 የወጣውን 70 ሲሪስ፣ በተለይም ፒክአፑን ነው። ሻንሲው ወፍራም ነው። የፊት ባሌስትራው በ1999 በሞላ ቢተካም የኋላው ዛሬም ባሌስትራ ነው። በ1990 የመጣው ባለ 4.2 ሊትሩ የናፍታ ሞተር ስድስት ፒስተን አለው፤ ቱርቦ የለውም፣ ናፍታ የሚረጨው ፓምፑም የኮምፒውተር ትእዛዝ አይጠብቅም። ቁልፍና ካቻቢቴ የያዘ መካኒክ ዛፍ ጥላ ስር ሆኖ ይፈታዋል።

ብዙዎቹ ላይ ፎርዊል ማስገባት ራሱ የእጅ ሥራ ነው። ሹፌሩ ጭቃው አፍ ላይ ያቆማል፣ ይወርዳል፣ ተንበርክኮ በፊት ጎማው እምብርት ላይ ያለውን ክብ መቆለፊያ ያዞራል። ቀጭ! በሌላው ጎን ይደግማል። ተመልሶ ገብቶ አጭሩን ማርሽ ይጎትትና፣ በቀስታ፣ ጎማው ጭቃውን እየነከሰ ይወጣል።

ይህ ጥንካሬ ደም ያፈሰሰበትም ጊዜ አለ። በ1987 የቻድ ወታደሮች ፀረ ታንክ ሚሳይል በጫኑ የቶዮታ ፒክአፖች በረሃውን እየሰነጠቁ የሊቢያን ታንኮች አወደሙ፤ ጦርነቱም «የቶዮታ ጦርነት» ተባለ። ዛሬም በየግጭቱ መትረየስ የተተከለበትን ፒክአፕ ማየት ያማል። መንገድ የሌለበት ሰው መድኃኒት እንዲደርሰው ያስቻለው ጉልበት ነው እዚያ የዋለው።

ደግነቱ መድኃኒቱም አልቀረም። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈለገውን መስፈርት አሟልቷል ያለው የክትባት ማመላለሻ የተሠራው ከዚሁ ከ70 ሲሪስ ነው። የጫነው ማቀዝቀዣ 396 ሊትር ይይዛል፤ ኃይሉን መኪናው ሲሄድ ከራሱ ከመኪናው ያገኛል።